የጦይባ ሳህን

ጦሳ ጭጋግ ለብሶ፥ ሌሊቱ ሊነጋ፣
የጦይባን ሳህን፥ ከመብራቱ ጠጋ
አድርጌ አየሁት።
ስድስት ክብ ወረቀት፥ ስድስት መድኃኒት፣
የጠራ ዙሪያ የለም፥ አንድም ቀለበት፤
ጀርሙ ወረቀቱ፥ ጥግ ድረስ በቅሏል፣
አቀንጭራ የዋጠው፥ የቆቦ እርሻዋን መስሏል።

ክኒኑን ከሱቅ ነው፥ በፍሬ የገዛችው፣
ሁለት ቀን ውጣ ነው፥ ሲሻላት የተወችው፤
ቀሪውን ለሚያለቅስ፥ ለጎረቤት ልጅ
ሰጠች። ደግነት ነው፥ ምን ይባላል እንጅ።

አሁን የደሟ ዘብ፥ ሌባውን ሲያሳድድ፣
የገዛ አንጀቷን፥ ቤቷን ነው የሚያነድ።
ትናንት ትኩሳቱ፥ ከንፈሯን ሲልጠው፣
«አብሽር ልጄ» አለችኝ —
እኔን! አንጀቴን በላችው።

ቅጹ ላይ ስድስቴ፥ «ተላምዷል» ጻፍኩኝ፤
ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፥ እኔ መች ለመድኩኝ።