ጥያቄ ቁጥር ሃያ ሦስት

ተንደር ቤይ። ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት።
ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ገብቷል፤ በኮሌጁ ምድር ቤት
እኔና አንድ አምፖል ቀርተን ሠንጠረዥ እናነባለን።

ተማሪ አላርምም። የኦንላይን ኮርስ ፈተና ነው የማርመው፤
ጥያቄውን ባንድ እግሩ አቁሜ ነው የምመረምረው፦
«ስንት ሰው ሳተህ? የሳቱህስ እነማን ናቸው?
ያጠኑት ናቸው ወይስ እንቅልፍ የጣላቸው?»

ሁሉም የሚመልሰው ጥያቄ አለ፣ «እንዴት አደርክ?» እንደማለት፤
«እግዜር ይመስገን» ይላል ጤነኛውም፣ በሽተኛውም፤
ከመልሱ ግን ማን እንደታመመ አይታወቅም።

ማንም የማይመልሰው አለ፣ የደራሲው ኩራት፤
በር የረሱለት ቤት ነው፣ ሁሉም ቁልፉን ይዞ የሚዞርበት።

የቤት ሥራ ቁጥር ስድስት ደግሞ ምርጫው አራት፣ ሙከራውም አራት፤
ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ዘጠኝ ሰከንድ። ሙሉ ነጥብ። እሑድ፣ እኩለ ሌሊት።
ይህ ማወቅ አይባልም፤ በጨለማ በር ማንኳኳት ነው፣
አንዱ ሰው ተነሥቶ እስኪከፍተው።

ሃያ ሦስት ግን ሌላ ነው።

በስታቲስቲክስ «መለያ» የምንላት አንዲት ቁጥር አለች፤
ያወቀውን ካላወቀው የምታንገዋልል ሰፌድ ነች።
በስድስት ዓመት ሺህ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አልፎባት፣
ሃያ ሦስት ላይ ነጥብ ሃያ ሁለት ይላል፤ ከፊቱ ግን ሰረዝ አለበት።
ከዜሮ በታች፣ እንደ ውጭው አየር።
ሰረዟ አቧራ መስላኝ ስክሪኑን በእጅጌዬ ወለወልኩት።
አልሄደችም።

በሌላው ሁሉ የሚቀድሙት እዚህ ወድቀዋል፤
በሌላው የሚወድቁት እዚህ አልፈዋል።
ፍሬው በነፋስ ሄዶ ገለባው ሰፌዱ ላይ ቀርቷል።

ከፍቼ አነበብኩት፦
«ሐይቅ ላዩ በረዶ ሲሆን፣ ከወለሉ አጠገብ ያለው ውሃ
ሙቀቱ ስንት ዲግሪ ነው?»
የመልሱ ቁልፍ «ለ» ይላል። ዜሮ።
ጎበዞቹ «ሐ» ብለዋል። አራት።

ውሃ እጅግ የሚከብደው አራት ዲግሪ ላይ ነው፤ የከበደው ይሰምጣል፤
ቀለል ያለው ከላይ ቀርቶ እንደ ጣራ ይጋገራል፤
ዓሣውም በዚያች አራት ሥር ይከርማል።

በአስተያየት ሳጥኑ አንድ ጽሑፍ ነበር፣ የአራት ዓመት፣
ከሜቪስ ክዋንዲበንስ፣ በሰሜን በኩል መኪና ከማይደርስበት፦
«ከአባቴ ጋር በረዶ ቀደን መረብ እንጥላለን።
ከሥር የሚመጣው ውሃ ከላዩ ይሻላል፤ በእጄ አውቀዋለሁ።
እባካችሁ ደግማችሁ እዩት።»
ማንም አልመለሰላትም።
ውጤቷ አርባ ዘጠኝ። ማለፊያው ሃምሳ።

ሎርን ሃቸር ጡረታ ወጥቷል፤ ቤቱ ደወልኩለት።
«ከወለሉ አላልኩም፣ ከበረዶው ሥር ነው ያልኩት» አለ።
ሳነብለት ዝም አለ።
ከጀርባው ድስት ሲንተከተክ ይሰማኛል።
«አንዲት ቃል» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ስንት ሰው?»
ቁጥሩን ነገርኩት። ድስቱን ሳያወጣው አልቀረም፤
ሌላ ድምፅ አልሰማሁም።

«ሐ» ላሉት ነጥባቸውን ሰጠን፤ «ለ» ካሉት አልነጠቅንም፤
ያልተጠየቁትን በትክክል መልሰዋልና በእነሱ አልፈረድንም።
ሠላሳ አንድ ሰው ከወደቀበት ተነሣ፤ በወረቀት።
ለእያንዳንዱ ጻፍኩ። የሜቪስ ደብዳቤ ተመልሶ መጣ፦
«ይህ አድራሻ የለም።»

አንድ ሰው ከሺህ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት፤
ብትወጣ አማካዩ አይነቃነቅም፣ ብትገባም።
ይህን ማስላት እችላለሁ።
ሌላውን አልችልም።

ሃያ አራትን ከፈትኩ። ነጥብ አርባ አንድ፣ ሰረዝ የለውም።
ደህና ጥያቄ ነው።
አምፖሉን አጥፍቼ ወጣሁ፤ መኪናዬ ሦስቴ አቃስታ ተነሣች።
ሱፒሪየር ሐይቅ ነጭ ለብሶ ተዘርግቷል።
ከሥሩ፣ ማንም ሳያርመው፣
አራት ነው።