ሞልቷል

ከለገሃር ከፍ ብሎ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
አንድ ክፍል አለችኝ፤ መስኮቷ የሚያይ
የታክሲውን ሰልፍ፣ የሊስትሮውን ጥላ።
እኔ ግን የማየው ሌላ፦
ክብ መብራት፣ መሐሉ ባዶ፣
በሰው ፊት ልክ ተቀዶ።

ሥራዬ ማሳቅ ነው። የሟች አጎቴን ካፖርት
ደርቤ፣ ከዘራ ይዤ፣ አከራይ የሆንኩ ለት
«ጋሽ ጨምር» ነው ስሜ።
«ጣሪያው ያፈሳል» ሲሉኝ ተከራዮቹ፣
«እንኳን ደስ ያላችሁ! ሻወር ገባ ለቤቶቹ»
ብዬ ኪራይ እጨምራለሁ።
አገር ሲስቅ እሰማለሁ።

ናሁሰናይ ብሎ የሚጠራኝ ከጠፋ ቆየ።
ፒያሳ ብወጣ፣ መንገድ ላይ ያየኝ ሁሉ እንዳየ
«ጋሽ ጨምር! ጨምር እንጂ!» ይላል፤
ስልኬም ይኸንኑ ይላል።
ማክሰኞ ሁለት ለቀቅሁ። ጨምር።
ሐሙስ ሦስት። ጨምር።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ብንን እላለሁ፣
ስንት ሰው አየው ብዬ ልቆጥር።

መጀመሪያ የከዳኝ እንቅልፌ ነበረ።
ቀጥሎ ምላሴ። ጣዕም የሚባል ቀረ።
እህቴ ትርሲት ሽሮዋን ቀምሳ «ውይ! ጨው አበዛሁበት» ስትል፣
እኔ ሳህኑን ጨርሼ፣ ጣቴ ስልክ ላይ ሲንከባለል።

ከዚያ ግንፍሌ፣ የእትዬ የሺመቤት ባል ያረፉ ለት፣
ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ፣
በሰማያዊው ሸራ የገባውን ብርሃን ወደድኩት።
«ለፊት ይስማማል» አልኩ፣ በሆዴ።
ልጃቸው ደረቷን ስትመታ ሰከንድ ቆጠርኩ። ይሄ ነው ጉዴ።
«ዐሥራ አምስቱ ይበቃል፤ እዚህ ጋ ይቆረጣል።»
ዝቅ ብዬ ሳይ፣ እጄ ኪሴ ገብቷል፣
ሳላዝዘው ስልኩን ጨብጧል።

ያን ቀን ነቃሁ ብል ደስ ባለኝ።
አልነቃሁም። በማግስቱ ሁለት ለቀቅሁ፤
አንዱ ግማሽ ሚሊዮን ሰው አመጣልኝ።

ቀድሞኝ የደከመው ስልኩ ነው።
ካፖርቱን ለብሼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ልጀምር ስል
«ማከማቻው ሞልቷል» አለኝ፤ በቃ፣ እንቢ አለ ሊቀበል።
ልሰርዝ ገባሁ። አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሆኜ ታየሁ በዓይኔ፤
አንዱም ግን አይደለም እኔ።

መስኮቱን ከፈትኩ።
ከታች ወያላው፣
ድምፁ የጎረነነ፣ ሹራቡን ክርኑ ላይ ያለቀው፣
«ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!»
እንደኔ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሰው መጥራት ነው እንጀራው።
አንዷ ሮጣ ገባች። ቀጥለው አንድ አዛውንት በሩን ያዙ፣
«ጠጋ ጠጋ በሉ» አሉ፣ ብር ከኪስ እየመዘዙ።
ገንዘብ ነው። በትርፍ ይገባ ነበር።
እሱ ግን ጣሪያውን በመዳፉ ጠፍ አድርጎ፣
«ሞልቷል አባቴ! ሳበው!» አለ፣ በሩን ዘግቶ፣ ጠርቅሞ።

ሞልቷል።
አላፈረበትም። ይቅርታም አልጠየቀ።
ታክሲው በኮሪደሩ መብራት ሥር ራቀ።

እኔ ሦስት ዓመት ተኩል ሙሉ «ግቡ! ግቡ!» እያልኩ፣
አንዲት ቀን እንኳ «ሞልቷል» አላልኩ።
ሾፌሩም እኔ፣ ረዳቱም እኔ፣ ጎማውም እኔ የተላጥኩት፤
ታዲያ ማን ይውረድ? ማንን ልቀንስ? ማንን ብጭን ነው የከበድኩት?

አሁንም አልዳንኩም። ኪራይ አለብኝ፤
የራሴ አከራይ ቀልድ አያውቁም፣ ባለፈው ወር ጨመሩብኝ።
ብቻ ረቡዕና እሑድ ስልኩ ትርሲት ጋ ያድራል፣
ባዶ የበርበሬ ጣሳ ውስጥ። ቢጮህ፣ ቢበዛ ያስነጥሰዋል።
ማታ ሁለት ሰዓት ሲል ካፖርቱን ሚስማር ላይ እሰቅላለሁ፤
«ደህና ይደሩ ጋሽ ጨምር» ብዬ መብራቱን አጠፋለሁ።
የመጀመሪያው እሑድ እጄ ሲያሳክከኝ ዋለ።
ሁለተኛውም፣ ውሸት ምን አለ።
በአራተኛው በእግሬ ቸርችልን ወጣሁ፣ ወረድኩ፤
ምን እንዳየሁ አልናገርም። አልቀረጽኩም። ለራሴ አስቀረሁ።

ትናንት ምሳ ላይ፣ ሁለተኛውን ጉርሻ ሳልውጥ
«ጨው አንሶታል» አልኩ፣ ሳላስበው፣ ድንገት።
ትርሲት ዞር ብላ ብዙ አየችኝ፤
ከዚያ ማንኪያውን አንሥታ፣ ቀስ ብላ፣
«ልጨምር?» አለችኝ።