ቁጥር መቶ አርባ ሰባት

ሰዓቱ ገና ጧት ነው ይላል፤ ሙቀቱ ግን ቀትር ያስንቃል፤
የፔናንግ ባሕር ወበቁን ልኮ ወረቀቴን ያረጥባል።
መንገዱን ከዳር ይዤ ሰሌዳ እቆጥራለሁ፤
ፎቶ አነሳለሁ፣ እለካለሁ፣ ቁጥር እሰጣለሁ፦
ወርቅ ቤት፣ ጥርስ ሐኪም፣ ጃንጥላ የሚጠግን፣
«ቆሻሻ አትጣሉ» የሚል በአራት ቋንቋ፣
ከሥሩም አራቱንም ያልሰማ ክምር፣ ድመት የተኛበት።

መምህሬ፣ ዶክተር ሮስናኒ፣ «ከተማ በአፉ ይዋሻል፣
በግድግዳው ግን ይናዘዛል» ይሉናል።
ማላይኛው ከላይ፣ ሕግ ነውና፤
እንግሊዝኛው ለቱሪስት፣ ገበያ ነውና፤
ቻይንኛው በወርቅ ቅብ፣ ከአያት የወረደ ዝና፤
ታሚሉን ግን እቆጥረዋለሁ እንጂ አላነበውም።
ስሜ ተንሞዢ ነው፣ «የማር ቋንቋ» ማለት፤
ማሩን አልቀመስኩትም።
«ደሞዝ የሚከፈለው በማላይኛ ነው» ብሎ አባቴ ሌላ ትምህርት ቤት ላከኝ፤
የፊደሉን ጥምዝ በዓይን ብቻ አውቀዋለሁ፣ እንደ ጎረቤት፣
በር ላይ ሰላም እንደምንባባል፣ ደጁን ረግጬ እንደማላውቅበት።

መቶ አርባ ሰባት፦ የተዘጋ ሱቅ፣ ቀለሙ የተላጠ፣
ከነጩ ሥር ሰማያዊ ፊደል ያፈጠጠ።
ሁለት መስመር ታሚል።
አጠገቡ፣ በርጩማ ላይ፣ ጓቫ በሰንጢ የሚልጡ ሽማግሌ፦
«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አሉ ሳልጠይቃቸው፣ አቶ ኮክ ሁአት፤
ጥፍራቸው ሥር ዛሬም አለ የጥንቱ ቀለም ጥላት።

«ታዲያ ምን ይላል?»
«እኔ ምን አውቄ! በብጣሽ ወረቀት ሰጡኝ፤ ገለበጥኩት፣ አሰማምሬ።
ይልቅ አንቺ ንገሪኝ፤ መልክሽ የእነሱ ነው፤
ሠላሳ ዓመት ሰው አልጠየቅኩም፣ አፍሬ።»

ፊቴ ጋለ። ተያየን።
ጸሐፊው አያነብ፣ ቆጣሪዋ አታነብ፤
እኩል አፈርን፣ እኩል ሳቅን።

አበባ የምትጎነጉን ሴት ከቤተ መቅደሱ ደጅ ስንስቅ አይታ መጣች፣
የጃስሚኑን ክር በጥርሷ እንደያዘች።
ክሩን ከአፏ አወጣች፦
«‹ዱቤ ነገ› ይላል። ታችኛው ደግሞ፣ ‹አትቀየሙ›።»
ይኸው ነው። ተመለሰች።

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ፦
«ጸሎት መስሎኝ እኮ፣ ባለፍኩ ቁጥር
ራሴን ዝቅ የማደርገው!»

ቅጹን ሞላሁ፦ ቋንቋ፣ ታሚል፤ ቀለም፣ ሰማያዊ፤
ስፋት፣ ክንድ ተኩል፤ ጸሐፊ፣ ቻይናዊ።
«አንባቢ» የሚል ዓምድ የለም። ከዳር በእርሳስ አሰመርኩ፤
ስሟን ልጽፍ ቀና ስል፣ ማዶ ከገዢ ጋር ስትከራከር አየኋት፤
ባዶውን ተውኩ።

አቶ ኮክ ሁአት ግን በሰንጢያቸው ጫፍ፣ ከጓቫው ልጣጭ ላይ፣
የመጀመሪያውን ፊደል ቀረጹልኝ፦
«እጅ ከዚህ ይነሳል። እዚህ ጋ ይዞራል። እዚህ አትቸኩዪ።»
ድምፁን አያውቁትም። እኔም።

መቶ አርባ ስምንት፦ ፀጉር ቤት። ሦስት ቋንቋ፣ አንዱ የተሳሳተ።
ልጣጩ በኪሴ ውስጥ ገና እርጥብ ነው።