ለሪፖርቱ ያልገባ

«ስኬታችንን ጻፊ» አሉኝ፣ «ለከተማው ምክር ቤት፣
ሁለት ገጽ ይበቃል፣ በቁጥር፣ በሠንጠረዥ፣ በጨዋነት።»
ጻፍኩ እንግዲህ፦
መዝገብ፣ ሃያ ሁለት ሺህ፤ እልባት ያገኘው፣ አብዛኛው፤
በጀት፣ ከአምስት እጅ አንዱ የተቆረጠው።
ሠንጠረዥ የማይችለውን ግን
እዚህ ላስፍር፣ በተረፈው ወረቀት፣ ማንም የማያነበውን።

በዚያ ዓመት በጥር የአክስል ፋብሪካው ዝም አለ።
ነፋሱ ከኢሪ ሐይቅ በረዶውን እየነዳ
መንገዱን ሞላው፤ ደጃችንን ደግሞ ሰው ሞላው፣ ሁሉም ባለዕዳ።
ያልተከፈለ ኪራይ፣ ያልታደሰ መንጃ ፈቃድ፣
ከሱቅ የተሰረቀ የሕፃን ወተት፣ የባንክ ማስጠንቀቂያ፣
አንድ ክፍል የተጋሩ ወንድማማቾች ጠብ፣ በአንዲት ማሞቂያ።

ዳኛ ቨርና ዊሶኪ
የሦስተኛውን ፎቅ መብራት በእጃቸው አጠፉ፤
ከደመወዛቸው ቆርጠው ሁለት ጸሐፊ አተረፉ።
(ይህ አይወራ ብለውኝ ነበር። ይኸው፣ አወራሁ።)
ከካባው በላይ ካፖርት ደርበው ይሰየማሉ፤
«ፍትሕን ብርድ ብርድ ሲላት አይቼ አላውቅም ነበር» ይላሉ።

ሐሙስ ሐሙስ ማታ ችሎቱ ሰው ወዳለበት ወረደ፤
በቅድስት ሄድዊግ ምድር ቤት፣ በቢንጎ ጠረጴዛ ላይ ፈረደ።
መቀጫ መክፈል ያቃተው አካፋ ይዞ ይመጣል፤
በሰዓት አሥር ዶላር ታስቦለት፣ የአሮጊቶቹን ደጅ ይጠርጋል።
ሌስተር ማኩምበር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አክስል የሞረደ፣
ለሦስት የትራፊክ ቅጣት የበረዶ ተራራ ናደ።
ዕዳው ካለቀ በኋላም ሰኞ በጠዋት መጣ።
«ምን ቀረብህ?» ስለው፣
«ሌላ የምሄድበት የለኝም» ብሎ አካፋውን ይዞ ወጣ።
ይህን በየትኛው ዓምድ ላስገባው?

የአከራይና የተከራይ ጉዳይ
ከችሎት በፊት ኮሪደሩ ውስጥ፣ በአንድ አግዳሚ ላይ ይታያል፤
«ፊት ለፊት የተቀመጠ ይፋጠጣል» ይላሉ ዳኛዋ፣
«ጎን ለጎን የተቀመጠ ያንኑ ግድግዳ ያያል።»
ወይዘሮ ኢግናሲያ ሮብሌዶና አከራይዋ ፌኬቴ
ግድግዳውን አይተው፣ አይተው፣
እሱም ለባንኩ የሦስት ወር እንዳለበት ነገራት።
«ታዲያ አንተን ማን ሊያስወጣህ ነው?» አለችው።
ሳቁ። በዚያ ኮሪደር ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።
የስምምነት ቅጽ ቁጥር አራት፤ ሁለት ፊርማ አለበት፣
ጠርዙ ላይ የቀለጠ በረዶ።

ሁሉም ግን አልዳነም። ይህን ካልጻፍኩ ውሸታም ነኝ።
ኦርቪል ቴት፣ ፍርድ አስፈጻሚያችን፣
በልጅነቱ ቤዝቦል ያሠለጠነውን ሰው በር
አንድ ረቡዕ፣ በሕግ አምላክ፣ አንኳኳ።
ሽማግሌው ካርቶኖቹን አስሮ ጨርሷል፤
«ደርቀሃል ልጄ» አለው፣ «ግባ፣ ትንሽ ሙቅ።»
ኦርቪል ዕቃውን አብሮ ተሸከመ፣ በመንግሥት ሰዓት፤
ተመልሶም «ያለ ተቃውሞ ተፈጽሟል» ብሎ ጻፈበት።
ብዕሬን ሳይመልስልኝ ሄደ። እስካሁን አልጠየቅኩትም።
በፍርድ የሄደች በቅሎ አታንገበግብም ይባላል፤
በፍርድ የሄደው ቤት ቢሆንስ?

ምክር ቤቱ ሁለቱን ገጽ አነበበ፤
«በክፉ ቀን የተገኘ አመራር» ብሎ አጨበጨበ፣
የነሐስ ሰሌዳም ሰጠን፣ ስማችን የተቀረጸበት።
ዳኛዋ አገላብጠው አዩት፣
ከዚያ አልዘጋ ባለው መስኮት ሥር እንደ ሽብልቅ ሸጎጡት።
ነፋሱ ቆመ።
ከታች የአካፋ ድምፅ ይሰማል።
ሰኞ ነው።