ሃያ ዘጠነኛው ብሎን

ዊክ ወደብ ላይ ንጋት ዘግይቶ ነው የሚመጣ፤
በጥር ወር ፀሐይ እንኳ እንደ አዲስ ተለማማጅ
በር ቆርቁራ ነው፣ ሲፈቀድላት የምትወጣ።
ጀልባችን ታጓራለች። ስዋንሰን ከኋላ
በቴርሞሱ ክዳን ሻዩን እየጠጣ
«ሞርቨን፣ ጓንትሽ የታለ?» ይላል ሳያየኝ።
ኪሴ ውስጥ ነው። እንዴት እንዳወቀ እንጃ።

ሁለተኛ ዓመቴ ነው።
በመጀመሪያው ዓመት ያስያዙኝ መጥረጊያ፣
የዘይት ጠብታ መወልወል፣ የመፍቻ ቁጥር መሸምደድ፤
አሥራ ሰባት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ አራት፣ ሠላሳ፣
በሕልሜም ሳይቀር መፍቻ ሳቀብል፣ መፍቻ ሳነሣ።
አባቴ የሄሪንግ መረብ ይጠግንበት በነበረው ጣት
እኔ ሽቦ እልጣለሁ።
ጀልባውን የሸጠ ዕለት አንድ ቃል አልወጣውም፤
ስሟን ብቻ ከአፍንጫዋ ላይ
ፍቆ ፍቆ አጠፋው፣ ለገዢው እንዳይደርስ ብሎ።

ዛሬ በዚያው ባሕር የሚታጨደው ነፋስ ነው።
ነጫጭ ማማዎች፣ ቀና ብሎ ላያቸው ቆብ የሚያስጥሉ፣
ሆዳቸው ውስጥ ገብተን ስንወጣ
እንደ ራበው ሰው የሚያጉረመርሙ።
እላይ፣ ከክንፎቹ ሥር፣
እንደ ጥርስ የተደረደረ የብሎን ቀለበት አለ፤
የኔ ሥራ ማጥበቅ ነው፣
መፍቻው «ቋ» እስኪል ድረስ፣
ከዚያ በቀይ ቀለም አንዲት መስመር።

«ብሎን አይለምንም፣ አይቆጣም» አለኝ ስዋንሰን፣
«ዝም ብሎ ይጠብቃል።»

ይጠብቃል።
ቃሉን አጥብቀህ ስታነበው ብሎኑ ሰው ይጠብቃል፤
አላልተህ ስታነበው፣ ያኔ ነው ብረቱ የሚጠብቅ።

ከሠላሳ ስድስቱ ሃያ ስምንተኛውን አስታውሳለሁ።
ሠላሳኛውንም።
መካከል ላይ ሬዲዮው ጮኸ፦ ነፋሱ በርትቷል፣ ፍጠኑ!
ቀለሙ ከእጄ አመለጠ፣ አነሣሁት፣ ቀጠልኩ፤
መዝገቡ ላይ ከሁሉም ፊት ምልክት አኑሬ
በሙሉ ስሜ ፈረምኩ።
የመጀመሪያ ፊርማዬ ነበር።

ሌሊት ነፋሱ መስኮቱን ሲደበድብ
ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ቆጠርኩ። ሃያ ስምንት። ሠላሳ።
እጄን ጠየቅኩት፤ እጅ የለመደውን አይመዘግብም።
የራስጌ መብራቱ አንዴ ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ፤
ልቤ ይሆናል እንጂ መብራቱ ላይሆን ይችላል።

«ሃያ ዘጠነኛውን አላስታውሰውም»
አልኩት ጠዋት፣ ጀልባዋ ገና ሳትነሣ።
ሻዩን ደፋ። ስልክ ደወለ።
«አሥራ አንድ ቁጥርን አቁሙት።»
ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው በጩኸት ሒሳብ ያዘ፣
የአንድ ቀን ነፋስ ስንት ቤት፣ ስንት ፓውንድ እንደሆነ፤
ስዋንሰን ስልኩን ከጆሮው አርቆ
ለባሕር ወፎቹ ደገነላቸው፣ እነሱ ይስሙት ብሎ።

ወጣን። ክንፎቹ ቆመዋል፤
ጸጥታው ከነፋሱ ይከብዳል።
ሃያ ዘጠነኛው፣ ቀይ መስመር የለውም።
መፍቻውን አስገባሁ፣ ክንዴ ተንቀጠቀጠ፣
«ቋ።»
ወዲያው። ቅንጣት ሳይነቃነቅ።
ጠብቆ ነበር።
ሌሊቱን ሙሉ ጠብቆ ነበር።

ልፈር ልደሰት ሳላውቅ ቁጭ አልኩ።
«በከንቱ አስወጣሁህ።»
ስዋንሰን ጉልበቱን እያሸ
(ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ መሰላል የሚወጣው በስድብ ነው)
ቀለሙን አቀበለኝ፣ «አስምሪበት» አለ።
አላመሰገነኝም፣ አልገሠጸኝም፤
ስንወርድ ብቻ፣ እመሃል ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው ቆመና
«ነዳጅ ማውጫው ላይ ሳለን አንድ ልጅ ነበር፣ ማግነስ የሚባል፣
አላስታውስም ማለት ያፈረ…»
ቀሪውን ከእርከን ወደ እርከን ይዞት ወረደ።

ማታ አባቴ ሾርባውን እያማሰለ
«ዛሬስ ምን ሠራሽ?»
«አንዲት መስመር አሰመርኩ።»
«ሌላስ?»
«ሌላ የለም።»
ሳቀ። እንደ ልማዱ ተነሥቶ
ኮሪደሩ ላይ ለማንም የሚበራውን አምፖል ሊያጠፋ ሄደ፤
ጣቱን ማብሪያው ላይ አሳርፎ
ቆየ።