ከሦስተኛው ሳህን በኋላ

ከዚራ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት፤
መስኮቷ ላይ የቆዩ ሙሽሮች፣ ፀሐይ የበላው ፊት።
ጋሽ ቅጣው ካሜራውን አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ፤
ፊልም ግን አልሰጠኝም፤ «ወር ሙሉ ባዶውን ቁጠሪልኝ።»
«ምኑን ነው የምቆጥረው?» ስለው፣ በጣቱ በሩን አሳየኝ፤
ቀትር ነው፤ አስፋልቱ ሲያንጸባርቅ ዓይኔን አጥብቤ ቀረሁኝ።

«አየሽ፣ አሁን ያጠበብሽው ዓይን፣ ቀዳዳ ማለት እሱ ነው፤
ፀሐይ ሲበረታ አጥብቢ፣ ሲመሽ ገርበብ አርጊና ክፈቺው።
መዝጊያው ደግሞ የዓይን ቆብ ነው፤ ለሚሮጥ ባጃጅ ፈጥነሽ፣
ለተኛ ፍየል ዘግይተሽ፣ ትንፋሽሽን ውጠሽ ይዘሽ።»

ደብተር ገዛሁ። እንዲህ ጻፍኩ፦
ሁለት ሰዓት። ብርሃኑ አግድም፣ ለስላሳ።
አራት ሰዓት። ነጭ ግድግዳ ይናከሳል።
ስድስት ሰዓት። ጥላዬ ጠፋ፤ ጫማዬ ሥር ተኝቷል።
አሥራ አንድ ሰዓት። ቢጫ። ሰው ሁሉ ያምራል፤
ጋሽ ቅጣውም ሳይቀር።

ቀፊራ ገበያ ወረድኩ፤ ከሰማያዊ ሸራ በታች
ሎሚዋን በሦስት በሦስት ሻምሲያ ትቆልላለች።
ግማሽ ፊቷ ሰማያዊ፣ ከሸራው የተዋሰችው፤
ግማሹን ፀሐይ ነክሶታል፤ የቱን ነው የራሷ የምለው?
«ፎቶው የታለ?» አለችኝ። «ፊልም የለውም» ብላት፣
«አቦ!» ብላ ሳቀችብኝ፤ «በባዶ ጣሳ ልትሸጪ ወተት?»

በወሩ ፊልም ሰጠኝ። ሠላሳ ስድስት እድል።
በአንድ ጠዋት ጨረስኩት፤ ባቡር ጣቢያው፣ ሐዲዱ፣ ግመል፣
የዘበኛውን ፉጨት እንኳ፤ ፉጨት ፎቶ ይነሣ ይመስል!

ማታ ጨለማ ክፍል ገባን። ቀይ አምፖል፣ የሆምጣጤ ሽታ፤
ቆርቆሮው ገና ቀትሩን ይተፋል፤ ላብ፣ ጸጥታ።
ወረቀቱን ሳህን ውስጥ አወዛወዘው ቀስ ብሎ፤
ከባዶው ነጭ መሀል አንድ ሻኛ መጣ ተንጠልጥሎ፤
ከዚያ ጭራ። ከዚያ እግር። ግመሉ ራስ አልነበረውም።
«ማን ቆረጠው?» «አንቺ ነሻ! ካሜራ ቢላዋ አይዝም።»

«ሁለተኛው ሳህን ያስቆማል። ሦስተኛው ግን ያስቀራል፤
እሱን ከዘለልሽ፣ ያወጣሽውን ያው ብርሃን መልሶ ይበላል።
ከዚያ በኋላ ውሃ። ብዙ ውሃ። ያልታጠበ ፎቶ ይከዳል።»

«ውሃ» ሲል ቆመ። በዚያ ሙቀት ፊቱ በረደ፤
ከላይኛው መደርደሪያ የብስኩት ቆርቆሮ አወረደ።

«ዴቻቱ ሌሊት ሲመጣ አንቺ ያኔ በአንቀልባ፤
ቀን ኳስ የምንጫወትበት አሸዋ ማታ ቤት ገባ።
በሳምንቱ የተረፈው ሰው ከነጭቃው እኔ ጋ መጣ፤
ብርድ ልብስ አልለመነኝም፤ ‹ከዚያ ጣሳህ ፊት አውጣ!›
ሦስት ሌሊት ሳልተኛ በዚችው ሳህን ላይ ቀረሁ፤
ውሃ የወሰደውን ፊት በውሃ አጥቤ ሰጠሁ።»

ኔጋቲቩን ወደ አምፖሉ አነሣሁ፤ ሁሉ የተገለበጠበት፤
ጥርስ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ፀጉር እንደ ጥጥ የነጣበት።
«ይሄስ?» አልኩት፤ አንድ ልጅ፣ ዓይኑ ጭፍን፣ አፉ ክፍት።
«እሱማ ተበላሽቶ ነው፤ መዝጊያውን ዘገየሁበት።
እናቱ አልወደደችውም። ‹ቅዳሜ እንደገና› ተባባልን።»
ከዚያ በላይ አልነገረኝ። ቆርቆሮውን ከድነን ወጣን።

ዛሬ ሁለተኛው ፊልም ገብቷል። ያው ቀፊራ፣ ከሸራው በታች፣
ሻምሲያ ቀና አለችና ሻሿን አስተካከለች።
ቀዳዳውን አጠበብኩ፤ በእሳቱ በኩል ለካሁ፤
ራሷን እንዳልቆርጥባት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተራመድሁ፤
ዝንብ ጉንጯ ላይ አረፈ፤ ጨፈነች፤ ጣቴን ያዝሁ።
«ምነው፣ አታነሺኝም እንዴ? ሎሚው ሊደርቅ ነው፣ አቦ!»
«ዓይንሽን» አልኳት። ጠበቅሁ፤ መዝጊያው ከጣቴ ሥር ተርቦ።