ቁልፍ የሆነች ሳንቲም

አክስቴ ፖሊክሴኒ ልብስ ሰፊ ነበረች፣
ቮሎስ ወደብ አጠገብ ባንዲት ክፍል ኖረች።
መርፌ ሣጥኗን ስከፍት፣ ከቁልፎቹ መሐል
ሃያ ሌፕታ ወጣች፤ ከላባም የምትቀል፤
ዘውድ ባንዱ ገጿ፣ ወይራ በሌላው፣
እምብርቷ ቀዳዳ፣ ነፋስ የሚያልፈው፣
ሰማያዊ ክር እንዳንጠለጠለች።

አባቷ ትራሲቩሎስ፣ በአርባ አራት በጋ፣
ጀልባውን ሸጠና መሸበት ከገበያ፤
ጆንያ ሙሉ ድራህማ፣ ቢሊዮን በቢሊዮን።
«ነገ እንገዛለን» አለና አደረ፤
ሲነጋ ያ ሁሉ አንድ ዳቦ ነበረ።
የተረፈው ወረቀት ምድጃ አሞቀ፤
ዜሮ እንደሚነድ ሰው ያን ክረምት ዐወቀ።

ዐሥር ዓመት ቆይቶ መንግሥት መቀስ ሳለ፤
ሦስት ዜሮ ቈረጠ፣ «ሺሑ አንድ ነው» አለ።
አዲሷ ሳንቲም መጣች፣ መሐሏ ተበስታ።
ሽማግሌው ወደ መስኮት አነሣት፣ አያት፣ ሳቀ፦
«ቀዳዳው ኪሴ ነበር፤ ዛሬ ሳንቲሙ ሆኗል፤
ከቈረጡት ዜሮ አንዱ እዚህ ቀርቷል።»

ፖሊክሴኒ አልሳቀችም።
ካፖርቱን ከትከሻው ገፍፋ ወሰደች፤
የአንገቱ ቁልፍ ጠፍቶ ነበርና፣ ሰፋች፤
ክሩን በቀዳዳው፣ ደግሞ በጠርዟ ዙሪያ፣
አሥራ አንድ ጊዜ።

ሃያ ሁለት ክረምት ያ አንገት ተዘጋ።
ዘውዱ ሄደ፤ ሰውየው ሞተ፤
ዩሮ መጣ፣ ድራህማ ተሻረ፤
የሷ ዋጋ ብቻ ሳይወርድ ነበረ፦
አንድ የባሕር ነፋስ ማቆሚያ።

ዛሬ ወደብ ወርጄ በቀዳዳው አሾለቅሁ፤
ጀልባ አየሁ፤ የማን እንደሆነ ግን አላወቅሁ።
ክሩን አልበጠስኩም።